«አይ» የተባለችው መስመር

ወይዘሮዋን እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል። በቤትም በመሥሪያ ቤትም «ምን ያደርጋል» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ ያወጣላትም በንዴት ነው። ተጋብተው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከወንደላጤነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸው ያረጁ የሰዓት ማሰሪያዎች፣ ባዶ የጫማ ካርቶኖችና እግሩ የተሰበረ ወንበር ከቤት ጠፍተዋል። የት ሄዱ ብሎ ቢጠይቅ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀና ብላ «ምን ያደርጋል?» አለችው። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ስሙ እስከዛሬ አልለቀቃትም።

እውነት ለመናገር ስሙ ልኳ ነው። ወይዘሮዋ ትርፍ ዕቃ ስታይ ያማታል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ አግብተው በወጡ በሳምንቱ ወንበሮቻቸውን ለጎረቤት ሰጠች፤ ልጆቹ ሊጠይቋት ሲመጡ አልጋ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ባሏ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰዓት ሠሪ ነው፤ የወደቀች ብሎን በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲፈልግ የኖረ ሰው ምኑንም ነገር ለመጣል አንጀቱ አይችልም። ጭቅጭቁ ሲበዛ ተስማሙና ከጓሮ ያለችው ዕቃ ቤት የእሱ ግዛት ሆነች። እሷ እዚያ አትገባም። እሱም ከዚያ ውጭ ባለው ቦታ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። የምትጥለውን ሁሉ ግን ቆሻሻ ሰብሳቢው ከመድረሱ በፊት ሹልክ ብሎ እያወጣ ወደ ግዛቱ እንደሚያስገባው ታውቃለች። አይታ እንዳላየች ታልፋለች፤ ትዳር ሲቆይ እንደዚህ ነው።

የምትሠራው በከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ በጸሐፊነት ገባች። የጽሕፈት መኪናዎቹ ሲወገዱ እሷም አብራ ልትወገድ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ግን አንድ ወፍራም የኮምፒውተር መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳ ሁለት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓቷ አነበበችው። መጽሐፉ ሲያልቅ ከሠራተኛው ሁሉ ኮምፒውተር የምታውቀው እሷ ሆና ተገኘች፤ ምድር ቤት ያለው የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍም እጇ ገባ።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። ሌላ መሥሪያ ቤት ሊጥላቸው ሲል «ለሕዝብ ይጥቀሙ» ተብለው የመጡ ናቸው። እንደመጡ ሰሞን አንዱን ለማስነሳት ቁልፉን ተጭኖ፣ ወጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ይገዛልኝ ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። ወይዘሮዋ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ሆዳቸው ውስጥ ምን እንደታጨቀ ማየት ጀመረች። ያየችውም ነገር ደሟን አፈላው።

የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ከርነል ይባላል። ኪቦርድ ሲነካ የሚሰማው፣ ማውዝ ሲንቀሳቀስ የሚያውቀው፣ ፍላሽ ሲሰካ የሚያነበው እሱ ነው። ሠሪዎቹ ከማን እጅ እንደሚገባ ስለማያውቁ፣ በዓለም ላይ ያለውን መሣሪያ ሁሉ እንዲያውቅ አድርገው ይልኩታል። ወይዘሮዋ ሰምታቸው የማታውቃቸውን የቴሌቪዥን መቀበያዎች፣ የመርከብ መሣሪያዎች፣ ከተሠሩ ሃያ ዓመት ያለፋቸውን ካሜራዎች ሳይቀር። ደግነቱ፣ የፈለገ ሰው የከርነሉን ምንጭ ጽሑፍ አውርዶ፣ አንድ ረጅም ዝርዝር ከፍቶ፣ ይሄ ይግባ ይሄ ይውጣ እያለ በራሱ ልክ እንደገና መሥራት ይችላል። ዝርዝሩ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት። እያንዳንዷ መስመር አንድ መሣሪያ ጠርታ ትጠይቃለች፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ሦስተኛ መልስም አለ፤ ሲያስፈልግ ይጠራ ተብሎ ከጎን ማስቀመጥ። ወይዘሮዋ ይህችን ሦስተኛ መልስ አትወዳትም። ከጎን የተቀመጠ ነገር ማለት ለእሷ ገና ያልተጣለ ቆሻሻ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ዕድሜዋን ሙሉ «ምን ያደርጋል?» ስትል ለኖረች ሴት፣ በሺህ ጊዜ «አይ» የምትልበት ዝርዝር ሲሰጣት። ሠርግና ምላሽ ሆነላት።

የመጀመሪያ ቀን እጇ አልመጥን ብሏት ኪቦርዱን ራሱን «አይ» ብላው፣ ኮምፒውተሩ ፏ ብሎ ተነስቶ ምን ቢጽፉበት አልሰማም አለ። ሳቀች፣ አረመች፣ ቀጠለች። እያደር ግን ሥራው እጇ ገባ። ኮምፒውተሮቹ ከሻይ ወደ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ አንድ፣ በመጨረሻም ወደ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ወረዱ። ሰከንዱን የምትቆጥረው ባሏ ባበጀላት ሰዓት ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ለማንም በቂ ነበር፤ ማንም ቀንሺ አላላትም። እሷ ግን አሥራ አምስትን አልማ እንቅልፍ አጣች።

ያን ሰሞን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ በአሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል ዞረች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ መዝግባ፣ ያልተሰካውን ሁሉ «አይ» ማለት። ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ የአንባቢዎች ፍላሽ፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር፣ የጆሮ ማዳመጫ። እያንዳንዱን ገመድ በጣቷ ተከትላ እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አቧራ በላች። ከዚያ ዝርዝሩን ከፍታ ወደ ዩኤስቢው ክፍል ወረደችና ማጨድ ጀመረች። መሐል ላይ አንዲት መስመር መጣች፤ በዩኤስቢ ተሰክተው ውስጣቸው ግን በድሮው በሲሪያል ቋንቋ ለሚያወሩ መሣሪያዎች የምትተረጉም። ደብተሯን አየች፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። «ምን ታደርጋለች?» አለችና «አይ» ብላ አለፈች።

ዕለቱ ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ይሄ ታሪክ ባልተነገረ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህሯ ይመጣሉ።

መምህሯ ጡረታ የወጡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው የማያይ ሴት ናቸው። በትከሻቸው ከሚያንጠለጥሉት ቦርሳ ውስጥ ከኪቦርድ ጠበብ የምትል መሣሪያ ያወጣሉ። ከፊቷ ላይ አርባ ትንንሽ ቦታዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ ነጥቦች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በእነዚህ ነጥቦች ብሬል ሆኖ ይወጣል፤ መምህሯ ጣታቸውን እያንሸራተቱ ያነባሉ፤ መስመሩ ሲያልቅ ቀጣዩ ጠቅ ጠቅ ብሎ ይተካል። ሥራው ሲያልቅ መሣሪያዋን ነቅለው ወደ ቦርሳቸው ይመልሱና ይዘዋት ይሄዳሉ። ማክሰኞ ዕለት የወይዘሮዋ ጣት የተከተለው ገመድ ጫፍ ላይ ያልነበረችው ለዚህ ነው።

የሚያነቡት ለራሳቸው አይደለም። ዓይናቸው የደከመ አሥራ አምስት ያህል ጡረተኞች መስኮቱ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ዙሪያ ወንበር ይዘው ይሰበሰባሉ። አንዲት ዓይነ ስውር ለአሥራ አምስት ባለ መነጽር ታነባለች ማለት ነው፤ ጡረተኞቹ ራሳቸው በዚህ መሳቅ አይሰለቻቸውም። ያን ጊዜ ይዘውት የነበረው ረጅም ልብ ወለድ ስለ አንዲት ባልቴትና እሷን ለማግባት ስለሚሻሙ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዱ ፋርማሲስት። ጡረተኞቹም ለሁለት ተከፍለዋል። የዳቦ ጋጋሪውን ወገን የሚመሩት የቀድሞው ፖስተኛ ናቸው፤ የፋርማሲስቱን ደግሞ ጡረታ የወጡት ነርስ። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ምክንያት ለሦስት ሳምንት ተኮራርፈው ነበር።

ያን ሐሙስ መምህሯ ተቀመጡ፣ መሣሪያቸውን ሰኩ፣ ጣታቸውን አሳረፉ። ምንም የለም። ነቀሉ፣ ሰኩ። ምንም። ገመዱን ገለበጡት፣ በሌላኛው ቀዳዳ ሞከሩት፣ በቀሚሳቸው ጠርገው መለሱት። ጡረተኞቹ ወንበራቸውን አስጠግተው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ፖስተኛው ወይዘሮዋን ጠሯት።

ወይዘሮዋ ያን ቀን ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ኮምፒውተሮቹ አሥራ አራት ሰከንድ ገብተዋል። መጣች፣ ስክሪኑን አየች፣ ማውዙን ነካ ነካ አደረገች፣ ሁሉ ነገር ፍጥን ብሎ ይሠራል።

«ኮምፒውተሩስ ደህና ነው፣ መምህር» አለች። «እንዲያውም ከመቼውም የበለጠ ነው። ይቺ ዕቃዎ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«እንግዲያው ዕድሜዋ ነው። ዕቃ እኮ ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ድርግም ይላል።»

እዚህ ላይ ወይዘሮዋን መቆጣት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚሰካውንና የሚነቀለውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ከፍታ ብታየው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ለሌላ ሰው ብትሆን «መጀመሪያ መዝገቡን እዩ» እያለች የምትገሥጸው እሷው ናት። ግን በገዛ ሥራው የተደሰተ ሰው ጥፋቱን ራሱ ዘንድ አይፈልግም። ደስታው ይከልለዋል።

መምህሯ ጣቶቻቸውን አሻሹና ሳቅ አሉ። «አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳትቀር ሠራችልኝ። እኔ ራሴ ሳስተምር እንዲህ አልነበርኩም።»

«ሌላ ይገዛላ!» አሉ ነርሷ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ለሁሉም ነገር የሚሯሯጥ ወጣት ሰው፣ ወዲያው ስልክ ደወለ፤ ሁለት ቦታ ጠይቆ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። የዕለቱ ንባብ እንዳይቀር ፖስተኛው ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው እኔ ላንብብ አሉ። አንዱን መስመር ሁለቴ አንብበው፣ ሁለቱን ዘለው፣ ጭራሽ ዳቦ ጋጋሪው ያላለውን ቃል ከራሳቸው ጨምረው ሊያናግሩት ሲሉ ነርሷ ከተቀመጡበት ተነሱ። ንባቡ በጭቅጭቅ ተበተነ።

መምህሯ ሊወጡ ሲሉ ኃላፊውን በሩ ላይ አግኝተው ሌላ አንባቢ እንዲፈልግ ነገሩት። ከዚያ ወደ ወይዘሮዋ ዞሩና መሣሪያዋን ዘረጉላት።

«አንቺ መጣል ታውቂያለሽ ይባላል፤ እኔ አላስችል ይለኛል። ጣይልኝ፣ ልጄ።»

ወይዘሮዋ ተቀበለቻቸው። ልቧን ትንሽ ከበዳት፤ ግን ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቷን ጠርጋ ስትጨርስ መሣሪያዋን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ከበር ላይ አስቀመጠችና እጇን ልትታጠብ ገባች። ስትመለስ የለችም። «ቀደመኝ» ብላ በሆዷ ሳቀችና ድንች መላጥ ጀመረች።

ሁለተኛዋን ድንች ይዛ ሳለ ከጓሮ «ነይ እስቲ!» የሚል ጩኸት መጣ።

«ምነው? ምን ወደቀብህ?»

«ነይ ስልሽ! ይቺ የጣልሽው ነገር ትንቀሳቀሳለች!»

ወደ ግዛቱ ከገባች ዓመታት አልፈዋታል። ቢላዋዋን እንደያዘች፣ በሰዓት ቅርፊቶችና በወንበር እግሮች መካከል ጎንበስ ብላ ገባች። ባሏ ዳማ የሚጫወትበት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ያን ኮምፒውተር እንድትነካው ፈቅዶላት አያውቅም፤ ሥርዓቱ ከነኮተቱ፣ ከነመርከብ መሣሪያው ነው ያለው። እስኪነሳ ድረስ ሰው ፊቱን ተላጭቶ ይጨርሳል እያለች ስታፌዝበት ኖራለች። መሣሪያዋ እዚያ ላይ ተሰክታለች። ከፊቷ ነጥቦቹ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

«ገመድ አላት፤ ገመድ ካላት ደግሞ ትሰካለች አልኩና ሰካኋት» አለ ባሏ፣ ከሰባት ሰው ጋር ተጋጥሞ ያሸነፈ ያህል ደረቱን ነፍቶ። «ምንም አላደረግኩም። ወዲያው ነው የተነሳችው። ምኗ ነው የሞተው?»

ወይዘሮዋ ጣቷን ነጥቦቹ ላይ አሳረፈች፤ ሲነሱ ተሰማት። ማክሰኞ፣ ደብተሯ፣ ማጨዱ፣ ያቺ መስመር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡባት። እዚያው ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠፋ እኮ።»

«የመምህሯን ዕቃ ሞታለች ብዬ የፈረድኩባት እኔ ነኝ» አለች። «ዕድሜሽ ነው አልኳት።»

«ማንን? ዕቃዋን ነው ሴትዮዋን?»

«ሁለቱንም!»

ድንቹን ለእሱ ትታ ወጣች። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ክፍት ነው። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ኮምፒውተር አስነሳች፤ አሥራ አራት ሰከንዱ ዛሬ አላስደሰታትም። የሐሙስን መዝገብ ከፈተች። ኮምፒውተሩ ምንም አልደበቀም፤ ከሰዓት በኋላ አዲስ መሣሪያ ተሰካ ይላል፤ ተነቀለ ይላል፤ ተሰካ ይላል። ስሟን ሳይቀር ጽፏል። ሰው በር አንኳኩቶ እኔ ነኝ እንደማለት ነው። ከውስጥ ግን ቋንቋዋን የሚያውቅ ማንም ስላልነበረ የከፈተላት የለም። ቁጥሩን ቆጠረች። አሥራ አንድ ጊዜ። መምህሯ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት አሥራ አንድ ጊዜ ነቅለው ሰክተዋል።

ወይዘሮዋ አፈረች። ሥራዋን ከጀመረች ጀምሮ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

የድሮውን ከርነል እንደልማዷ ጥላዋለች፤ መጽሐፉ ለመጠባበቂያ አስቀምጪ ቢልም እሷ ዘንድ ሦስት ቀን ከቆየ ብዙ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከፍታ እንደገና ልትሠራ ተቀመጠች። ያቺን መስመር አገኘቻት። «አዎ» አለች። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ ብሬል ለሚያነቡ፣ አጉልተው ለሚያዩ፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠሩ መሣሪያዎችን የሚመለከተውን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አየችው። የመስኮቱ ኮምፒውተር ከርነሉን መሥራት ሲጀምር ቤቷ ሄደች፤ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ጨርሶ ጠበቃት። ከቤት ይዛ የመጣችውን የመምህሯን መሣሪያ ሰካች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ሰዓቷን አይታ ቆጠረች፤ አሁንም አሥራ አራት ሰከንድ። ያቺ መስመር ስትወጣ ያተረፈችላት ጊዜ ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ አይበልጥም ነበር።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኃላፊው ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ አንገቱን አስገባ።

«ሠራች?» አለ። «እትዬ፣ ነፍስ ዘራሽባት!»

«አይ፣ ማለቴ፣ እሷ እንኳ መጀመሪያም...»

አልሰማትም። ስልኩን አውጥቶ ለመምህሯ እየደወለ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረገ ወጣ። እስከ ማታ ድረስ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ መጽሐፍ አዋሾቹ ሁሉ ወይዘሮ «ምን ያደርጋል» የሞተ መሣሪያ አስነሳች አሉ። ዘበኛው እንዲያውም የተበላሸ የጢም መላጫ ማሽኑን አምጥቶ ሰጣት። ማክሰኞ ፖስተኛው መጥተው እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በእያንዳንዱ ምስጋና ላይ እውነቱን ልትናገር አፏን ትከፍታለች፤ በእያንዳንዱ ምስጋና ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳታል። አይፈረድባትም፤ ለሠላሳ ዓመት በመጣሏ ሲስቁባት ኖረው አንድ ቀን በማዳኗ ሲያመሰግኗት ጣፈጣት።

«ለሴትዮዋ ነገርሻት?» አላት ባሏ ረቡዕ ዕለት።

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ባትነግሪያትስ? ዕቃዋ ሠርታላታለች። ማን ያውቃል?»

ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ እንዳልሆነ ገባት፤ ሊፈትናት ነው።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «መዝገቡም ያውቃል።»

«መዝገብ ደግሞ ይጠፋል። መጣል ታውቂበት የለ?»

«እሱን አልጥልም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ባሏ ከኋላዋ ፈገግ ማለቱን አላየችም።

ሐሙስ ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጡረተኞቹ የማይመጡትን ሳይቀር ይዘው መጥተዋል። ኃላፊው አንዲት የምስጋና ወረቀት በማኅተም አሳምሮ በር ላይ ቆሟል። መምህሯ እንደገቡ ወይዘሮዋ የት አለች ብለው በእጃቸው ፈልገው አቀፏት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ምን እንዳደረግሽልኝ አታውቂም።»

ጡረተኞቹ አጨበጨቡ። ወይዘሮዋ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ረቡዕ ሙሉ ቀን ስትለማመደው የዋለችው ነው፤ አንድ ቃል አልወጣ አላት። ጭብጨባው ሲያልቅ መሣሪያዋን ሰካች፣ የመጽሐፉን ፋይል ከፈተች፤ መምህሯ ገና ወንበር እየሳቡ ሳለ ከምዕራፉ በላይ በፍጥነት መጻፍ ጀመረች። ጽፋ ስትጨርስ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

መምህሯ ጣታቸውን አሳረፉ። ነጥቦቹ ተነሱ። ሁሉም ድምፃቸውን ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው ያነባሉ። አንድ መስመር፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ምን ይላል? ለእኛም አሰሙን እንጂ!» አሉ ፖስተኛው።

«ለእኔ የተጻፈ ነው» አሉ መምህሯ። ፊታቸውን ወደ ወይዘሮዋ መለሱ። «ላንብበው?»

«ያንብቡት» አለች ወይዘሮዋ። አሁን ድምፅ ወጣት።

መምህሯም ልብ ወለዱን በሚያነቡበት በዚያ ጥርት ባለ ድምፃቸው አነበቡት። «መምህር፣ ዕቃዎ አላረጀችም፤ ተበላሽታም አታውቅም። የኮምፒውተሩን ኮተት ስቀንስ ቋንቋዋን የምትተረጉምላትን መስመር ሳልጠይቅ አይ ያልኳት እኔ ነኝ። መዝገቡንም ሳላይ ዕድሜዋ ነው ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ነቅለው ሰክተዋል፤ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ጽፎታል። እኔ ምንም አልጠገንኩም። የዘጋሁትን ነው የከፈትኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኃላፊው ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወይዘሮዋ ወለሉን እያየች ቁጣውን ጠበቀች።

«እንግዲያው ጣቴ አይደለም?» አሉ መምህሯ።

«ጣትዎ? ጣትዎ ምን ሆነ?»

መምህሯ እጃቸውን አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸው አነሰ። «አንቺ ዕድሜዋ ነው ስትዪ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ነጥቦቹ ይነሳሉ፤ የማልሰማቸው እኔ ነኝ አልኩ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጣት ይደነዝዛል። ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርኩም። እናንተ ፊት አስቄ ወጣሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን የብሬል መጽሐፌን ለመክፈት ፈርቼ፣ ቤቴን ዘግቼ ጨውና ስኳር ቀላቅዬ በጣቴ ስለይ ነው የከረምኩት። ሰኞ ሠራች ብለው ሲደውሉልኝም አላመንኩም። ዕቃዋ ብትሠራ እኔስ እሰማት ይሆን ብዬ ዛሬ የመጣሁት እየፈራሁ ነው። ዓይኔን አላውቀውም፣ አልናፈቀኝም። ጣቴን ካጣሁ ግን ምን ይቀረኛል?»

ወይዘሮዋ ማልቀስ አትወድም። አለቀሰች። ነርሷ መሐረብ አቀበሏት፤ ራሳቸውም ሌላ መሐረብ አወጡ።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አሏት መምህሯ። «ኪቦርዱን ያዢ። አንዲት ፊደል ጻፊልኝ፤ ምን እንደሆነች እንዳትነግሪኝ።»

ወይዘሮዋ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አንዲት ፊደል ነካች። መምህሯ የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት ብቻ ዘርግተው አሳረፉ።

«ለ» አሉ።

ጡረተኞቹ ስክሪኑን አዩ። «ልክ ነው!»

ቀጣዩ ጣት። «መ።» «ልክ ነው!» ቀጣዩ። «ደ።» ፖስተኛው ይቆጥራሉ፣ ነርሷ ይቆጥራሉ፤ ተኮራርፈው የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ባንድ ድምፅ ይቆጥራሉ። ስድስት። ሰባት። አውራ ጣት ላይ ሲደርሱ መምህሯ አውራ ጣት ለማንበብ አይሆንም ብለው ተከራከሩ፤ እሱም ይፈተን ተባሉ፤ እያጉረመረሙ አሳረፉት፤ እሱም ሰማ። አሥር ሲባል ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። መምህሯ ሁለት እጃቸውን ከመሣሪያዋ ላይ አንስተው፣ አሥሩንም ጣቶች ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው፣ ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ።